ወዳጅነት በሻይ ግብዣ ብቻ አይጸናም

ክረምት በቀረበ ቁጥር ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች አብረን የምንሰነብትበት ሰፈር ይቋቋም የሚል አሳብ ይነሣል። አሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሰፈሩ ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው እላለሁ።

በመመገቢያ አዳራሻችን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው የጎንደሩ ከጎንደሩ፣ የወለጋው ከወለጋው፣ የሐረሩም ከሐረሩ ጋር ተቀምጦ ያያል። ለዓመታት አንድ ወጥ እየበላን ኖረን፣ ዲግሪያችንን ስንይዝ ስም ለስም እንኳ ሳንተዋወቅ እንበተናለን። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ የሻይ ግብዣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ፣ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆነ 22 ወንዶች ልጆችን በአንድ የዕረፍት ጊዜ ሰፈር አኖረ። በሁለት ጓድ ተከፍለው በጨዋታ ቢወዳደሩ ተጣሉ፤ የባላጋራን ባንዲራ እስከ ማቃጠልም ደረሱ። ይታረቁ ዘንድ አብረው እንዲበሉና ሲኒማ እንዲያዩ ቢደረግ በገበታ ላይ ምግብ ተወራወሩ። በኋላ ግን በመርማሪዎቹ ዘዴ የመጠጥ ውሃው ተቋረጠ፤ ምግብ ሊያመጣ የነበረውም የጭነት መኪና አልነሣም አለ። ያን ጊዜ በጨዋታ እርስ በርስ የተጓተቱበትን ገመድ አምጥተው መኪናውን በአንድነት ሳቡት። ወደ ቤታቸው ሲመለሱም አንደኛው ጓድ በሽልማት ያገኘውን 5 ዶላር ለሁሉም መጠጥ ገዛበት። ጠቡን የቆሰቆሱት መርማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፌታውም ተገቢ ነው። ቢሆንም የገመዱ ትምህርት ይቀራል አልልም።

ሆኖም ያ ሙከራ የቆየው ለሦስት ሳምንት ያህል ነው። ወዳጅነትን ለዘመናት ማቆየትንስ ከቤታችን መማር እንችላለን። እናቶቻችን የሚጠጡት ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ማኅበርተኛው ሲሞት ልጁ በቦታው ይተካል። ወዳጅ የወዳጁን ልጅ ክርስትና አንሥቶ አበልጅ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤቶች እንደ ዘመድ እንጂ እንደ ባዕድ አይተያዩም። ይኸውም ቀን ተቆርጦለትና ተራ ወጥቶለት የተያዘ ወዳጅነት ለልጅ እንደሚተርፍ ያስረዳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሰፈሩ የሥራ ሰፈር ይሁን። የሐምሌ ዝናብ ለድንኳን ስለማይመች በክረምት ባዶ በሚሆን የገጠር ትምህርት ቤት እንደር። ችግኝ እንትከል፤ ውሃውን እንቅዳ፤ ወጡን በተራ እንሥራ። ጓዱም በትውልድ አገር ሳይሆን በዕጣ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ከመበተናችን በፊት ከክርስቲያኑም ሆነ ከእስላሙ ጾምና በዓል ጋር የማይጋጭ አንድ ቀን እንቁረጥ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ተረኛው ቤት እንሰብሰብ፤ ያገባ ከነሚስቱ፣ ያገባችም ከነባሏ፣ የወለደም ልጁን ይዞ ይምጣ።

የሻይ ግብዣ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ከሥራ በኋላ ይምጣ ማለቴ ነው። አሳቤን የሚነቅፍ ወይም የሚያሻሽል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን እጠብቃለሁ።