የረጃጅም መኪኖች ክሪክ፤ በቶን ብቻ ሳይሆን በቁመትም ይመረጥ

ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ኀላፊነቱ እኩል አይደለም። ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ የሸጠ ሰው የገዢውን ገንዘብና የራሱን ስም ይጎዳል፤ ጉዳቱም በካሣ ይጠገናል። ከሁለት ሺህ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን መኪና ከሰው አካል በላይ ተሸክሞ የሚቆም መሣሪያ የሸጠ ሰው ግን፣ ዕቃው ቢከዳ የሚከፍለው ካሣ አይገኝለትም። ክሪክ እንዲህ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ ገጠርና ጠረፍ የሚመላለሰው ሥራ ሁሉ ከሞላ ጎደል የተመሠረተው እንደ ላንድ ክሩዘር ባሉ ረጃጅም መኪኖች ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለው መኪና ሁሉ እየተጠገነ ረዥም ዘመን ማገልገሉ ግድ ነው። ጥገናው በበዛ ቁጥር ከመኪና ሥር የሚተኛው ሰው ይበዛል፤ ስለዚህም የክሪክ ነገር የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የአስመጪውና የባለሱቁም ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

በገበያ የሚታየው ልማድ ግን ይህን ያህል ጥንቃቄ የለበትም። ሾፌሩ ወደ ሱቅ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ባለ ሦስት ቶን ክሪክ አለ?» ይላል። ባለሱቁም፣ «አለ ወንድሜ፣ ጠንካራ ነው» ብሎ ያወርድለታል። ስለ መኪናው ቁመት የጠየቀም የተጠየቀም የለም። ሾፌሩ ከሥራው ቦታ ደርሶ ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አግብቶ እስከ መጨረሻው ቢያነሣው ጎማው ከመሬት አልለቀቀም። ያን ጊዜ ጡብ ወይም የእንጨት ቁራጭ ፈልጎ በክሪኩ ራስና በሻንሲው መካከል ይጨምራል። አደጋው የሚጀምረው ከዚህች ቁራጭ እንጨት ነው።

ነገሩ በሂሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። የአንድ ረጅም መኪና ሻንሲ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። መኪናው በሻንሲው ሲነሣ ባሌስትራው ወይም ሞላው እየተዘረጋ ጎማውን ወደ ታች ስለሚለቀው፣ ጎማው ከመሬት ሳይነሣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በከንቱ ይሄዳል። ጎማ ለመለወጥ ደግሞ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያሻል። ድምሩ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። በሱቆች የሚገኘው ተራ የወለል ክሪክ ግን ከፍታው ከ50 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ቶኑ ሦስትም ሆነ አራት፣ የጎደለውን ቁመት አይሞላውም።

መኪናው ከአክስሉ ቢነሣ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። የጎማው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር በሆነ መኪና የአክስሉ ሥር ከመሬት 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባሌስትራውም ስለማይዘረጋ ከፍታው በከንቱ አይባክንም። በዚህ ጊዜ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ክሪክ በቂ ይሆናል። አክስሉ ክብ ስለ ሆነ ግን የክሪኩ ራስ ጎድጎድ ያለ፣ አክስሉን አቅፎ የሚይዝ መሆን አለበት።

የክሪኩ ዝቅተኛ ቁመትም መዘንጋት የለበትም። ጎማው በተነፈሰ ጊዜ አክስሉ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ መሬት ሊቀርብ ይችላል። ተዘግቶ 25 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ክሪክ በደኅናው ቀን ከአክስሉ ሥር ቢገባም በችግሩ ቀን አይገባም።

በቶኑም ረገድ ቢሆን ጽሑፉን ብቻ ማመን አይበጅም። በአሜሪካ መለኪያ የተሠራ ባለ 3 ቶን ክሪክ 6,000 ፓውንድ ማለትም 2,722 ኪሎ ግራም ያነሣል፤ በሜትሪክ መለኪያ ግን 3 ቶን 3,000 ኪሎ ግራም ነው። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት ዕቃዎች የ278 ኪሎ ግራም ልዩነት አላቸው። ስለዚህ ትእዛዝ ሲጻፍ በቶን ሳይሆን በኪሎ ግራም መጻፍ ይሻላል።

የወለል ክሪክ ሲያነሣ ክንዱ ቅስት እየሠራ ስለሚሄድ፣ ክሪኩ ራሱ በመንኮራኩሮቹ ወደ መኪናው መጠጋት አለበት። በሲሚንቶ ወለል ላይ ይህ በቀላሉ ይሆናል። በአፈርና በጠጠር ላይ ግን መንኮራኩሮቹ ስለሚሰምጡ፣ የክሪኩ ራስ ከያዘው ቦታ ይንሸራተታል፤ ወይም መኪናውን ይጎትታል። ስለዚህ የወለል ክሪክ ለጋራዥ ነው፤ ለመንገድ ግን የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ክሪክ ከሰፊና ወፍራም ሳንቃ ጋር ይመረጣል። የኋላው ሲነሣ የእጅ ፍሬኑ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ስለማይጠቅም የፊት ጎማዎች በታኮ መያዛቸው ግዴታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ክሪክ የማንሻ እንጂ የማቆሚያ መሣሪያ አለመሆኑ ነው። መኪናውን የያዘው ዘይትና አንዲት ጎሚኒ ናት፤ ጎሚኒዋ ካረጀች ክሪኩ ይወርዳል። ስለዚህ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው አስቀድሞ የብረት መደገፊያ ሊያቆም ይገባዋል። መደገፊያውም ቢሆን መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ አንድ ታላቅ የመሣሪያ ሻጭ ኩባንያ፣ የመደገፊያው ጥርስ ከመያዣው ጋር በሚገባ ሳይያያዝ ሊያመልጥ እንደሚችል ስለ ተደረሰበት፣ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ የብረት መደገፊያዎች እንዲመለሱለት ጠርቷል። በምትካቸው ከሰጣቸውም ውስጥ የብየዳ ጉድለት የተገኘባቸው ነበሩ። ቁጥጥሩ በጠነከረበት ገበያ ይህ ከደረሰ፣ ሌላው አስመጪ ናሙና ሳይፈትን ብዙ ካርቶን ማዘዙ ምን ያህል ድፍረት ነው?

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ «የውጭ ምንዛሪ በብርቱ ድካም ይገኛል፤ ገዢውም የሚፈልገው ርካሹን ነው» ብለው ይከራከራሉ። የምንዛሪው ችግር እውነት ነው። ነገር ግን በድካም የተገኘ ምንዛሪ ለማያገለግል ዕቃ ቢወጣ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። በፕሮፎርማው ላይ «ባለ 3 ቶን ክሪክ» ብሎ ከመተው ይልቅ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ቁመት በሳንቲ ሜትር፣ ጭነቱን በኪሎ ግራም፣ ከመጠን ያለፈ ጭነት የሚከለክል ቫልቭ ያለው መሆኑን፣ እንደ አውሮፓው ኢ.ኤን. 1494 ያለ ደረጃ ማሟላቱን መጥቀስ ጥቂት መስመር ከመጨመር በቀር አድካሚ አይደለም። ባንክ ክፍያውን የሚፈጽመው በሰነዱ ላይ በተጻፈው ነውና፣ ያልተጻፈውን ቆይቶ መጠየቅ አይቻልም። ናሙናው ሲደርስም በታወቀ ጭነት ሥር አሳድሮ ጠዋት ምን ያህል እንደ ወረደ በሜትር መለካት ለማንም የሚቻል ፈተና ነው።

ባለሱቁም የድርሻውን ሊያደርግ ይችላል። ክሪክ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ «ለየትኛው መኪና ነው? የምታነሣው ከሻንሲው ነው ወይስ ከአክስሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ቁመቱንና ጭነቱን በአማርኛ ጽፎ በዕቃው ላይ ይለጥፍ። ክሪኩንና ሁለት የብረት መደገፊያዎችን አንድ ላይ አድርጎ፣ ከተናጠል ዋጋቸው ጥቂት ቀንሶ ይሽጥ። ከትርፉ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ገዢው ግን ተመልሶ ይመጣል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። ከመኪና ሥር የሚተኛው ብዙ ጊዜ የጋራዡ ታናሽ ሠራተኛ ነው፤ ክሪኩን የመረጠው እርሱ አይደለም፤ ዋጋውንም አልተከራከረም። ደኅንነቱ የሚወሰነው ትእዛዙ በጽሕፈት ቤት በሚጻፍበት፣ ዕቃውም ከመደርደሪያ በሚወርድበት ሰዓት ነው። አስመጪውና ባለሱቁ ይህን ካሰቡ፣ ሜትሩ ከሚዛኑ እኩል በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ያገኛል።