የኤሌክትሮኒክ ድራሙ ድምፅ በማን እጅ ነው?

በብዙ አጥቢያዎች በአምልኮ ቡድንና በምእመናን መካከል ከእሑድ እሑድ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የድራም ድምፅ ነው። ወጣቶቹ «ያለ ድራም አምልኮው ይቀዘቅዛል» ይላሉ። እናቶችና አባቶች ደግሞ «የመዝሙሩን ቃል እንኳ አልሰማንም» ብለው ያዝናሉ። በመካከል የቆሙት ሽማግሌዎች በመጨረሻ ገንዘብ አሰባስበው ኤሌክትሮኒክ ድራም ይገዛሉ። ታዲያ ክርክሩ በዚህ ያበቃል? ብዙ ጊዜ አያበቃም። ለምን ይሆን?

መልሱ ያለው መሣሪያው በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። አኮስቲክ የሚባለው የተለመደው ድራም ድምፁን የሚያወጣው ከራሱ ነው፤ ልኩን የሚወስነውም የመቺው ክንድ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ግን በራሱ አይጮኽም። ፓዱ ሥር ያለች ትንሽ መዳሰሻ የምቱን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ትለውጣለች። ሞጁል የሚባለው ሣጥን ምልክቱን ተቀብሎ የድራም ድምፅ ያወጣል፤ ድምፁም በገመድ ወደ ሚክሰር፣ ከዚያም ወደ ስፒከር ይሄዳል። እንግዲህ ልብ በሉ! የድምፁ ልክ ከድራመሩ ክንድ ወጥቶ ሚክሰሩን ወደ ያዘው ወንድም ጣት ተዛውሯል ማለት ነው። እርሱ ከፍ ካደረገው ኤሌክትሮኒኩም ከአኮስቲኩ ባልተናነሰ ሊያደነቁር ይችላል።

ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አይደለም፤ የጤናም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ ጉዳት የለውም፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። አኮስቲክ ድራም የሚመታ ሰው ጆሮ ላይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ማለፉ የተለመደ ነው። በጩኸት የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ደግሞ ተመልሰው አይተኩም። ስፒከር ፊት ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት እስቲ አስቡ።

ስለዚህ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊትም ሆነ በኋላ እያንዳንዱ የድርሻውን ይወቅ።

ድራመር ወንድሜ፣ ድምፅህን የምትሰማበት የራስህ ሞኒተር ወይም ሄድፎን ይኑርህ። ያለዚያ የምትሰማው የዱላውን ኳኳታ ብቻ ነው፤ «አልተሰማም» ብለህ አጥብቀህ ትመታለህ። ፓዱ ግን ከልኩ በላይ ብትመታው ድምፅ አይጨምርም፤ የሚጎዳው የእጅህ አንጓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሲመንስ ድራም ፓዱ ደረቅ ስለ ነበር ተጫዋቾች የእጅ ሕመም ያማርሩ ነበር። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ድራም ላይ እንደ መረብ የተሠራ፣ ዱላን የሚያነጥር ፓድ መጣ። ዛሬ ምቾቱ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በጸሎት ሰዓት የምትመታውን ለስላሳ ምት መሣሪያው እንዲይዝልህ ሞጁሉን አስቀድመህ አስተካክል። ከትልቅ ቤዝ ስፒከርም ራቅ በል፤ ንዝረቱ ሳትመታው ፓዱን ሊያስጮኸው ይችላል።

ሚክሰሩን የያዝከው ወንድም፣ ከጉባኤው በፊት ከቡድኑ ጋር ሞክር። መጀመሪያ የዘማሪዎቹ ቃል ይሰማ፤ ድራሙን ከዚያ በታች አስገባው። ከመቀመጫህ ተነሥተህ እስከ ኋላኛው ወንበር ሂድና አዳምጥ።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ወጪው በድራሙ ግዢ አያበቃም። የትልቁ ድራም ምት በትንሽ ስፒከር ሲወጣ ይሰነጣጠቃልና ቤዝ ስፒከር፣ ሞኒተርና ጥሩ ገመድ አብራችሁ አስቡ። መብራት ሲጠፋም ድራሙ ዝም ይላል፤ ከበሮውን ከጥጉ አታርቁት!

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ይህ መሣሪያ ወደ ቤታችሁም ይገባል። በሄድፎን ስለሚሰማ ልጅ ሳይቀሰቀስ ልምምድ ማድረግ መቻሉ መልካም ነው። ነገር ግን በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ የእግሩ ምት በወለሉ አልፎ ታች ላለው ጎረቤት ይደርሳል፤ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ስፖንጅ አንጥፉበት። የሄድፎኑንም ድምፅ ቀንሱ። ከሁሉ በላይ ሄድፎን ያደረገ ባል ቤት ውስጥ ቢሆንም ቤት አለ አይባልም። ሚስቱ ብትጠራው፣ ልጁ ቢያለቅስ አይሰማም። የልምምዱን ሰዓት ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ሰዓቱ ሲያበቃም ዱላው ይቀመጥ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 ላይ የዜማ መሣሪያንና የመለከትን ምሳሌ ያነሣው በማኅበር መካከል የሚወጣ ድምፅ ለሚሰማው ሰው ግልጽና የሚያንጽ መሆን እንዳለበት ሊያስተምር ነው። ኤሌክትሮኒክ ድራም ድምፅን ለመቀነስ ዕድል ይሰጣል፤ ለሌላው ማሰብን ግን አይሰጥም። ያ ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ለውይይት፦ በአጥቢያችሁ የድምፁን ልክ የሚወስነው ማን ነው? የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን እናት ስለዚህ ጉዳይ የጠየቃቸው አለ? በዚህ ሳምንት ጠይቋቸው።