ሳይሞት «ተነሣ» የተባለው የጃፓን ጌም

ስለ ቪዲዮ ጌም የሚጽፉ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ትረካ ለምደዋል። ጃፓን እስከ 2005 አካባቢ የጌሙን ዓለም ገዛች፤ ከዚያ የአሜሪካና የአውሮፓ ስቱዲዮዎች ቀደሟትና ወደቀች፤ በ2017 ግን ተመልሳ ተነሣች ይላሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) «የጃፓን ጌሞችን እንደ አዲስ ማድነቅ ጀመርኩ» ማለትም የበሰለ ጣዕም ማሳያ ሆኗል። አድናቆቱ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ትረካው ግን ሐሰት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካር የበላ እድምተኛ፣ ሰውየውን በማግስቱ ገበያ ላይ ሲያገኘው «ከሞት ተነሣ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ጩኸቱ የራሱን ስሕተት ከመሸፈን ያለፈ ፋይዳ የለውም።

መርዶው እንዴት እንደተነገረ እናስታውስ። በ2009 የቶኪዮ ጌም ሾው ላይ ኬጂ ኢናፉኔ፣ ያኔ የጃፓኑ የጌም ኩባንያ የካፕኮም ትልቅ ኃላፊ የነበረው ሰው፣ የጃፓን የጌም ኢንዱስትሪ አብቅቶለታል ሲል በአደባባይ ተናገረ። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ደግሞ አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ስለ አገሩ የወቅቱ ጌሞች ሐሳቡን ሲጠይቀው፣ ካናዳዊው ፊል ፊሽ በተሰብሳቢው ፊት የማይረቡ ናቸው ብሎ መለሰለት። ከሳምንታት በኋላ የወጣው የፊሽ ጌም «ፌዝ» ግን የ«ማሪዮ»ና የ«ዜልዳ» ውለታ በየጥጉ የሚታይበት ሥራ ነበር።

ነገሩ በወሬ ብቻ አልቀረም። ካፕኮም «ባዮኒክ ኮማንዶ»ን ለስዊድን፣ «ዴድ ራይዚንግ 2»ን ለካናዳ፣ አዲሱን «ዴቪል ሜይ ክራይ» ለእንግሊዝ፣ «ሎስት ፕላኔት 3»ን ለአሜሪካ ስቱዲዮዎች አሳልፎ ሰጠ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ዓለምን ጌም ያስተማረ አገር «ጌም እንዴት ነው የሚሠራው?» እያለ ባሕር ተሻገረ። የካናዳው ሥራ ተሳካ፤ የስዊድኑ ስቱዲዮ «ባዮኒክ ኮማንዶ» በወጣ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ «ሎስት ፕላኔት»ም ከሦስተኛው በኋላ አልቀጠለም። ካፕኮምን ወደ ክብሩ የመለሱት የ2017ቱ «ሬዚደንት ኢቭል 7» እና የ2019ኙ «ዴቪል ሜይ ክራይ 5» የተሠሩት ጃፓን ውስጥ፣ በራሱ ባለሙያዎች እጅ ነው።

ለመሆኑ «ሞት» በተባሉት ዓመታት ምን ይሸጥ ነበር? ኒንቴንዶ በ2004 ያወጣው የኪስ መጫወቻ ዲኤስ ከ154 ሚሊዮን በላይ፣ በ2006 ያወጣው ዊ ደግሞ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ሁለቱም የጃፓን መሣሪያዎች ናቸው፤ ገበያቸው የደራውም ጃፓን ተቀበረች በተባለበት ሰሞን ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ ይህን ቁጥር አጥተውት አይደለም። በኪስ የሚያዘው ጌም፣ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚጫወቱት ጌም ከቁጥር አይገባም ብለው ወስነው ነበር። ለእነሱ ጌም ማለት ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ፣ ፊልም ለመምሰል የሚጣጣር፣ በአብዛኛው ጠመንጃ ያነገበ ሰው የሚሮጥበት ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ጃፓን ቀለለች። ሚዛኑን የመረመረ ግን ጥቂት ነው።

የ2017ን «ትንሣኤ» ምስክሮች አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው ሁሉም የሚቆጥሩት የዘር ሐረግ በእነዚያው «የሞት» ዓመታት ውስጥ ያልፋል። «ኒር፡ አውቶማታ» በ2017 ዓለምን አስደነቀ፤ ዳይሬክተሩ ዮኮ ታሮ ግን በ2010 የመጀመሪያውን «ኒር» አውጥቶ ነበር፤ ተቺዎች ያን ጊዜ ቀዝቀዝ ባለ ፊት ነው የተቀበሉት። «ፐርሶና 5» የ2006ቱ «ፐርሶና 3» እና የ2008ቱ «ፐርሶና 4» ታናሽ ወንድም ነው። «ያኩዛ 0» በምዕራቡ ዓለም የ2017 ግኝት ተብሎ ተሞገሰ፤ ጃፓን ውስጥ የወጣው በ2015 ሲሆን ተከታታዩ ከ2005 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ ነው። ሠሪዎቹ የቶኪዮን የካቡኪቾ ሠፈር አስመስለው የሠሯቸውን እነዚያኑ ጥቂት ጎዳናዎች በየጌሙ እየደጋገሙ፣ ሱቁን ሲያድሱ፣ ነዋሪውን ሲያስረጁ፣ ጎረምሳውን ጎልማሳ ሲያደርጉ ኖረዋል። ተጫዋቹ ሠፈሩን እንደ ገዛ ሠፈሩ የሚያውቀው በዚህ ድግግሞሽ ነው። ይህን ትዕግሥት በአንድ ዓመት የወለደው ተአምር የለም።

ብዙዎቹ ጌሞች ለውጭ ተጫዋች ያልደረሱት ስላልተሠሩ ሳይሆን በሩ ስለተዘጋባቸው ነው። «ዜኖብሌድ» በ2010 ጃፓን ውስጥ ወጥቶ ሰሜን አሜሪካ የደረሰው በ2012፣ ያውም ተጫዋቾች ዘመቻ ካካሄዱ በኋላ ነው። «ያኩዛ 3» ወደ ምዕራቡ ሲሻገር ከፊል ይዘቱ ተቆርጦ ነበር። በ2014 የወጣው «ኢሺን» እንደገና ተሠርቶ ከጃፓን ውጪ ለሽያጭ የበቃው በ2023 ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የ«ዲመንስ ሶልስ» ታሪክ ነው።

ሂዴታካ ሚያዛኪ ፍሮም ሶፍትዌር የተባለውን የቶኪዮ ስቱዲዮ የተቀላቀለው በ2004፣ በ29 ዓመቱ፣ የኦራክልን ሥራ ትቶ ነው። የተረከበው የ«ዲመንስ ሶልስ» ፕሮጀክት ቤቱ ውስጥ እንደከሸፈ የሚቆጠር ነበር፤ ቢወድቅም ማንም ስለማይደነግጥ እንደ ልቡ ሊለውጠው ቻለ። የሶኒው ሹሄይ ዮሺዳ ጌሙን ከመውጣቱ በፊት ሞክሮት ለሁለት ሰዓት ያህል ከመጀመሪያው ክፍል ማለፍ እንዳቃተውና መጥፎ ጌም ነው ብሎ እንደደመደመ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሶኒ በ2009 ጃፓን ውስጥ አወጣው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ለማሳተም አልፈለገም፤ ሌሎች አሳታሚዎች አነሡት። የዚያ ጌም የልጅ ልጅ የሆነው «ኤልደን ሪንግ» በ2022 ወጥቶ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ልብ በሉ፤ ኢናፉኔም ዮሺዳም ጃፓናውያን ናቸው። የተዛባው ሚዛን የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ጃፓኖችም ራሳቸውን መዝነውበታል።

በዚያ ሚዛን «ዲመንስ ሶልስ» ስንት ነገር ጎድሎት ነበር! ወዴት እንደሚኬድ የሚያሳይ ቀስት የለውም። ተጫዋቹ ሲሞት የሰበሰበውን ነፍስ ሁሉ የሞተበት ቦታ ጥሎ ይነሣል፤ ሳይሞት እዚያው ካልደረሰ ለዘለዓለም አጣው። ታሪኩ አይተረክም፤ በዕቃዎች መግለጫና በፍርስራሾች መካከል ተበትኖ ፈላጊውን ይጠብቃል። ከሁሉም የሚደንቀው ግን ተጫዋቾችን የሚያገናኝበት መንገድ ነው። የማታውቀው ሰው መሬት ላይ አጭር መልእክት ጽፎልህ ያልፋል፤ «ተጠንቀቅ፣ ከፊትህ ወጥመድ አለ» ይልሃል፤ ማን እንደሆነ አታውቅም። ሚያዛኪ ሐሳቡን ያገኘው በረዶ በጣለበት ዳገት ላይ መኪናው ተይዞ ሳለ ከኋላ የመጡ የማያውቃቸው ሰዎች እየገፉ ሲያወጡት፣ ቆሞ ለማመስገን ሳይችል በመቅረቱ እንደሆነ ተናግሯል። ይህን የመሰለ ሐሳብ በግራፊክስ ጥራት አይለካም። በፊልም ሚዛንም ላይ አይወጣም፤ ፊልም ውስጥ ሊኖር አይችልምና።

የጃፓን ጌም ሠሪዎች ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስም አይደለም። ጌም ቦይን የሠራው የኒንቴንዶው መሐንዲስ ጉንፔይ ዮኮይ ርካሽና በሚገባ የታወቀ ቴክኖሎጂን ማንም ባላሰበው መንገድ መጠቀም የሚል መመሪያ ነበረው። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ባለ ቀለም ስክሪን አልነበረውም። የተፎካካሪዎቹ የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር ስክሪን ባለ ቀለም ነበር፤ ባትሪ ግን ይጨርሱ ነበር። ያሸነፈው ቀለም አልባው ነው። በ2017 የወጣው «ዜልዳ፡ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ሲሠራም የኒንቴንዶ ሰዎች ሕጎቹን የፈተኑት የ1986ቱን የመጀመሪያውን «ዜልዳ» በሚመስል ጠፍጣፋ የሙከራ ሥሪት ላይ ነበር፤ እሳት ሣር ያቃጥላል፣ ነፋስ እሳቱን ይገፋል፣ ብረት የያዘን መብረቅ ይመታዋል። ሕጉ ከጸና በኋላ መልክዓ ምድሩ ሊያምር ይችላል። ከ1989 እስከ 2017 የተቋረጠ ነገር የለም።

«በእነዚያ ዓመታት እኮ የጃፓን ኩባንያዎች በእርግጥ ተቸግረው ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ወደ ከፍተኛ ጥራት ምስል የተደረገው ሽግግር ወጪውን አናረው፤ ብዙዎቹ ለየጌሙ አዲስ መሣሪያ እየሠሩ ጊዜያቸውን ፈጁ። በ2010 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 14» እጅግ ተበላሽቶ ስለነበር ስኩዌር ኢኒክስ ይቅርታ ጠይቆ፣ በናኦኪ ዮሺዳ መሪነት እንደ አዲስ ሠርቶ በ2013 ዳግም አወጣው። ግን የኩባንያ ሒሳብ መጉደልና የአንድ ሙያ መሞት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያው ዘመን ምዕራባውያን ስቱዲዮዎችም በብዛት ተዘግተዋል፤ ይሁንና የአሜሪካ ጌም ሞተ ያለ አልሰማንም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ስሕተት መጥቷል፤ የመጀመሪያው ስሕተት ካባ ለብሶ ነው የመጣው። ትናንት «የጃፓን ስለሆነ አይረባም» ያለው አንደበት ዛሬ «የጃፓን ስለሆነ ጥልቅ ነው» ይላል። የሳሙራይ መንፈስ፣ የዜን ጸጥታ፣ የማይተረጎም የምሥራቅ ምስጢር ይጠራል። ሥራዎቹ ግን ይህን አይመሰክሩም። ዩጂ ሆሪ በ1986 «ድራጎን ኩዌስት»ን ሲሠራ የተነሣው «ዊዛርድሪ» እና «አልቲማ» ከተባሉ የአሜሪካ ጌሞች ነው። ሚያዛኪ በልጅነቱ በወጉ ሊያነባቸው ያልቻላቸውን የእንግሊዝኛ ምናባዊ መጻሕፍት እየገለጠ፣ ያልገባውን በሐሳቡ እየሞላ ነው ያደገው፤ የ«ኤልደን ሪንግ»ን ዓለም ጥንተ ታሪክ የጻፈለትም አሜሪካዊው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። በሌላ በኩል በ2020 የወጣውና በሳሙራይ ገጽታው የተደነቀው «ጎስት ኦፍ ሱሺማ» የአንድ አሜሪካዊ ስቱዲዮ ሥራ ነው። ምስጢር የሚፈልግ ሰው ከጃፓን መንፈስ ይልቅ ደጋግሞ መሞከርን፣ ማፍረስንና እንደገና መሥራትን ቢመረምር ይሻለዋል። ጭፍን ውዳሴ የሠሪውን ድካም ለዘሩ አሳልፎ ይሰጣል።

ጭፍን ውዳሴ ጥፋትንም ያስተሠርያል። ኒንቴንዶ በ2023 የስሪ ዲኤስንና የዊ ዩን የኦንላይን ሱቆች ሲዘጋ፣ በዲጂታል ብቻ ይሸጡ የነበሩ ብዙ ጌሞች ከገበያ ጠፉ። ኩባንያው በ2006 ያወጣው «ማዘር 3» እስከ ዛሬ በይፋ ወደ እንግሊዝኛ አልተተረጎመም፤ የተረጎሙት አፍቃሪዎቹ ናቸው። ለቅርሱ እንዲህ ቸልተኛ የሆነን ኩባንያ በ«ማሪዮ» ናፍቆት ብቻ ይቅር ማለት ትችት አይባልም።

አገራችን ውስጥም ትክክለኛ ፍርድ ማየት ይቻላል። በየሠፈሩ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች እየከፈለ የእግር ኳስ ጌሙን «ፔስ»ን የተጫወተ ወጣት የጃፓኑን የኮናሚን ሥራ በጃፓኑ የሶኒ መሣሪያ ነው የተጫወተው። ተፎካካሪው «ፊፋ» የክለብና የሊግ ፈቃድ ነበረው፤ በ«ፔስ» ውስጥ ግን አርሰናል ለዓመታት «ኖርዝ ለንደን» እየተባለ ይቀርብ ነበር። የስሙን ሐሰተኛነት እያወቀ «ፔስ»ን የመረጠ ተጫዋች ጥቂት አልነበረም። ኳሷ ከእግር ተለይታ ስትንከባለል፣ ቅብብሉ ክብደት ሲኖረው ጣቱ ይነግረዋልና። ይኸው ኮናሚ በ2021 የጌሙን ስም ቀይሮ «ኢፉትቦል» ብሎ ሲያወጣው ብልሽቱ መሳቂያ ሆነ፤ ያን ጊዜም ጃፓናዊነቱ አላዳነውም። ማሸጊያውንም ዜግነቱንም ትቶ ጨዋታውን የዳኘ ተጫዋች ሁለቱንም ጊዜ በትክክል ፈርዷል።

በ2017 የተለወጠው ዳኛው ነው። ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ነውር የለበትም፤ የራሱን ለውጥ የተከሳሹ ንስሐ አድርጎ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ፍርድ ማጣመም ነው። ስለዚህ የጃፓንን ጌም እንደ አዲስ አደነቅሁ የምትሉ ሁሉ፣ አድናቆታችሁ የእውነት ከሆነ ከ2006 እስከ 2016 የወጡትን አውጥታችሁ ተጫወቱ፤ በ2010ሩ «ኒር» ላይ የተጻፈውንም ፍርድ አርሙ።