«እያንዳንዱ ምላጭ የራሱ ዝንባሌ አለው» ለሚለው አስተሳሰብ የቀረበ ምላሽ

ስለ ባንድ ሶው በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ሳይመረመር የሚደጋገም አንድ አባባል አለ። እያንዳንዱ ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን ዝንባሌ ይዞ ይወጣል፤ ባለሙያው ይህን ዝንባሌ ለክቶ ማስደገፊያውን በዚያው ልክ ማዞር አለበት ይላል። አለካኩም ቀላል ነው። በጣውላው ላይ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ይሰመርና ያለ ማስደገፊያ፣ በነጻ እጅ፣ እስከ መስመሩ ግማሽ ይቆረጣል። መጋዙ መስመሩን እንዳይለቅ ጣውላውን ጥቂት ጠምዘዝ ማድረግ የግድ ከሆነ፣ የተጠመዘዘበት ማዕዘን የምላጩ ዝንባሌ ነው ይባላል። ማስደገፊያው በዚያ ማዕዘን ይታሰራል። ምላጭ በተቀየረ ቁጥር ልኬቱ እንደገና ይጀመራል።

ይህን ዘዴ ካስፋፉት ጸሐፊዎች አንዱ አሜሪካዊው ማርክ ዱጊንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የባንድ ሶው መጽሐፉ ለብዙ የቤት አናጺዎች የመጀመሪያ መምህር ሆኗል፤ አሁንም ቢነበብ ያተርፋል። ዘዴው የሚሠራ መሆኑንም አልክድም፤ የዚያን ቀን ጣውላ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። የምቃወመው ማብራሪያውን ነው። የመጀመሪያ ማሽኑን የሚገዛ ሰው ጥፋቱን የምላጩ ባሕርይ አድርጎ ከተቀበለ፣ መዘውሩን፣ ውጥረቱንና የጥርሱን ዓይነት መመርመር ያቆማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ዓይነት ነው።

ከጠረጴዛው እንጀምር። የባንድ ሶው ጠረጴዛ ጣውላን የሚመሩ ሁለት ነገሮች አሉት፤ አንዱ ማስደገፊያው ነው፣ ሌላው ጠረጴዛው ላይ የተፈለፈለው ቦይ ነው። በቦዩ ውስጥ የሚንሸራተተው የማዕዘን መያዣ ጣውላን አግድም ለመቁረጥ ያገለግላል። ማስደገፊያው 3 ወይም 4 ዲግሪ ቢዞር ቦዩ አብሮት አይዞርም። ስለዚህ በማስደገፊያው ሲሰነጥቅ ቀጥ የሚለው ምላጭ በቦዩ ሲቆርጥ ይታገላል፣ ይጠመዘዛል፣ የእንጨቱን ፊትም ያቃጥላል። ዝንባሌውን አምኖ የተቀበለ ሰው ከሁለቱ መሪዎች በአንዱ ብቻ ሊሠራ ተስማማ ማለት ነው። መመሪያዎቹ ይህን አያነሱትም፤ ለምን እንደማያነሱት ግን ይገባኛል፣ ካነሱት ማብራሪያው ይፈርሳል።

ወደ መዘውሩ እንሂድ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች መዘውሩ የለበሰው ጎማ መሀሉ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ነው። ጉብታው ምላጩ ከመዘውሩ እንዳይወጣ ወደ መሀል ይመልሰዋል። ምላጩ ግን በጉብታው ላይ የሚያርፈው በጠፍጣፋ ጎኑ ሙሉ ስፋት በመሆኑ፣ ከጉብታው ፊት ወዳለው ተዳፋት ከተጠጋ የጥርሱ በኩል ወደ መዘውሩ እምብርት ያዘቀዝቃል፤ ጥርሶቹም ወደ ማሽኑ አምድ ይዞራሉ። ወደ ኋለኛው ተዳፋት ከሄደ ተቃራኒው ይሆናል። ምላጩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚወስደው የላይኛውን መዘውር የሚያዘነብለው ቁልፍ ነው። ያንኑ ምላጭ ሳያወልቁ ቁልፉን ጥቂት አዙረው ቢለኩ ማዕዘኑ ተለውጦ ያገኙታል። ዝንባሌው ከፋብሪካ የመጣ የምላጩ ባሕርይ ከሆነ ቁልፍ በማዞር እንዴት ይለወጣል?

ካናዳዊው የቤት ዕቃ ሠሪ ማይክል ፎርቹን የምላጩን መሀል ከጎማው መሀል ላይ ማስቀመጥን የሚያስተምረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላው የባንድ ሶው አስተማሪ አሌክስ ስኖድግራስ ደግሞ የጥርሶቹ ሥር ከመሀል ላይ ይረፍ ይላል። ጠባብ ምላጭ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ለጀማሪ ልዩነቱ ብዙም አያሳስበው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ጎማቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጥርሱ ከመዘውሩ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚሄድባቸው የአውሮፓ ማሽኖች አሉ። ስለ ጉብታ ያልኩት እነሱን አይመለከትም።

መዘውሩ ተስተካክሎም መስመር የሚስት ምላጭ እንዳለ አውቃለሁ። ምክንያቱ ግን ሊታይ ይችላል። ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙት ጋይዶች ከጥርሶቹ ኋላ መቆም ሲገባቸው ወደ ፊት ተገፍተው ከሆነ፣ በአንድ ወገን የተከፈቱት ጥርሶች ብረቱን እየነኩ ያልፋሉ። ለዚህ ማሽኑ ረጅም ጊዜ መሥራት የለበትም። ምላጩን አውርደው መብራት ሥር በአጉሊ መነጽር ቢያዩት፣ በአንዱ ወገን ያለው ጥርስ ሁሉ ጫፉ ላይ የምታብረቀርቅ ነጥብ ይዞ ይታያል። ስለታም ጫፍ ብርሃን አይመልስም፤ የዶለዶመ ይመልሳል። ያልተነካው ወገን ስለሚፈጥን ምላጩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ይህ የደረሰበት ጉዳት ነው፣ አብሮት የተወለደ ጠባይ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ምክንያት በጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው የተቆረጠውን ብናኝ ተሸክሞ ከእንጨቱ ማውጣት አለበት። 15 ሴንቲሜትር ቁመት ያለውን ጣውላ በኢንች 3 ጥርስ ባለው ምላጭ እንሰንጥቅ። በኢንች 6 ጥርስ ያለውን ብንመርጥስ? ጥርሱ በእጥፍ ስለበዛ እያንዳንዱ የሚያነሳው ብናኝ በግማሽ ይቀንሳል። ጎድጓዳው ግን በርዝመቱም በጥልቀቱም ስለሚያንስ ስፋቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። እናም ጎድጓዳው በእጥፍ ይጨናነቃል። ሞልቶ የተጨናነቀ ብናኝ ምላጩን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ቁርጡም ሆድ ያወጣል። «ጥርሱ የበዛ ምላጭ ይለሰልሳል» የሚለው ምክር ለቀጭን ጣውላ እውነት ነው፤ ወፍራም ጣውላ ለሚሰነጥቅ ጀማሪ ግን ዝንባሌ የሚባለውን ነገር ገዝቶ ወደ ቤት መውሰድ ነው።

ከአሜሪካ ማሽን ገዝተው ወደ አገር ቤት ለሚልኩ ወገኖች ይኸው ስሌት በሌላ በር ይመጣል። የአሜሪካው መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያው 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 120 ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ተራ ኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነቱ በስድስተኛ ይቀንሳል፤ በሰከንድ 15 ሜትር የሚሮጠው ምላጭ ወደ 12.5 ይወርዳል። እጅዎ በለመደው ፍጥነት ከገፋ እያንዳንዱ ጥርስ 20 በመቶ የበለጠ ይነክሳል፣ ጎድጓዳውም ቶሎ ይሞላል። በሜሪላንድ ጋራዥ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆርጥ የነበረ ምላጭ አዲስ አበባ ሲደርስ ዝንባሌ አወጣ ማለት ነው። (ሞተሩ ለ50 ኸርዝ ካልተሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል። ከመግዛትዎ በፊት የሞተሩን ታርጋ ያንብቡ።)

ስለ ግዢ ካነሳን፣ ከዚሁ አስተሳሰብ የተወለደ አንድ ምክር አለ፦ ሰፊ ምላጭ አይዘምምና ማሽንዎ የሚችለውን ሰፊውን ይግዙ የሚል። በ14 ኢንች መዘውር ላይ ይህ ምክር ይጎዳል። የካርቦን ብረት ምላጭ ቀጥ ብሎ ለመቁረጥ ቢያንስ 100 ሜጋፓስካል ገደማ ውጥረት ይፈልጋል። 12 ሚሊሜትር ስፋትና 0.6 ውፍረት ላለው ምላጭ ይህ ማለት የላይኛው መዘውር 150 ኪሎ ገደማ ይሸከማል ማለት ነው። 19 ሚሊሜትር ስፋትና 0.8 ውፍረት ላለው ግን ከ300 ኪሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዴልታ የተባለው ኩባንያ ያወጣውን ንድፍ ተከትለው የሚሠሩት ባለ ሁለት ቁራጭ ብረት ማሽኖች ስፕሪንጋቸውም ክፈፋቸውም ለዚህ አልተሠራም። መለኪያቸው ላይ የሰፊ ምላጭ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ቁጥሩ ላይ መድረስ ግን ውጥረቱ ላይ መድረስ አይደለም። የላላ ሰፊ ምላጭ በሚገባ ከተወጠረ ጠባብ ምላጭ ይልቅ መስመር ይስታል። ከዚያም አልፎ ውፍረቱ 0.8 የሆነ ምላጭ በዚህ መዘውር ላይ ሲታጠፍ ከ450 ሜጋፓስካል በላይ ይጫነዋል፤ ያውም በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል። ቶሎ ቢሰነጠቅ አይገርምም።

የማሽኑ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ኒውቤሪ የባንድ ሶው ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1809 ነበር። መዘውሩም ሐሳቡም ነበር፤ መታጠፉን የሚችል ምላጭ ግን አልነበረም። ማሽኑ ከወረቀት የወጣው ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክሬፓን እ.ኤ.አ. በ1846 የብየዳውን ዘዴ አስመዝግባ፣ የፓሪሱ ፔረን ኩባንያ መብቱን ገዝቶ ብረቱንና በእሳት የማጠንከሩን ዘዴ ካሻሻለ በኋላ ነው። ስለዚህ በጀትዎ ውስን ከሆነ መካከለኛ ማሽንና ጥሩ ምላጭ ይግዙ፤ በኢንች 3 ጥርስ ያለው፣ 12 ሚሊሜትር ስፋት፣ ውፍረቱ ከ0.6 ያልበለጠ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ መዞሩን ለማየት ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ደግሞ መዘውሩን በእጁ እያዞረ ጎማውን በጥፍሩ ይዳብስ። ለዓመታት ጠባብ ምላጭ የሄደበት ጎማ ጉብታውን አጥቶ ቦይ ያወጣል፤ በቦይ ውስጥ የሚሄድ ምላጭ ደግሞ በቁልፍ አይታዘዝም። የጎማ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው፤ ሻጩ «ይህ ማሽን ትንሽ ይስባል» ካለ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

እንጨቱም ራሱ በሐሰት የሚያስወነጅልበት ጊዜ አለ። ባህር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ያከማቸው ውጥረት ሲሰነጠቅ ይለቀቃል፤ ሁለቱ ክፋዮች ወይ ይከፈታሉ ወይ ምላጩን ቆንጥጠው ይይዛሉ። ጣውላው እየተቆረጠ ሳለ ጠርዙ ይጎብጣል፣ ማስደገፊያውን ተከትሎ የሄደው ቁርጥም አብሮ ይጎብጣል። በባህር ዛፍ ላይ የተለካ ዝንባሌ በደረቅ ዋንዛ ላይ ካልተደገመ ምላጩ ነጻ ነው።

ለተቃራኒው ወገን የምተውለት ቦታ አለ። ሥራው ለነገ ከተፈለገ፣ ምላጩ በአንድ ወገን ዶልዱሞ ሌላ ቅያሪ ከሌለ፣ ማስደገፊያውን አዙሮ መጨረስ ተገቢ ነው። እኔም አደርገዋለሁ።

ክርክሩን ግን በፍተሻ መለየት ይቻላል። ወደ ግራ የሚስብ ምላጭ ሲያጋጥም ምላጩ ከጎማው መሀል መሆኑ ይረጋገጥና በዚያው ጣውላ ማዕዘኑ ይለካ። ቀጥሎ ያው ምላጭ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት መዘውር ወዳለውና በተመሳሳይ መንገድ ወደተስተካከለ ሌላ ማሽን ይዛወር፤ በመጀመሪያው ላይ ደግሞ አዲስ ምላጭ ይግባ። ማዕዘኑ ምላጩን ተከትሎ ከሄደ ጥርሶቹን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፤ የተጎዳው ወገን ይገኛል። ማዕዘኑ ከማሽኑ ጋር ከቀረ ጎማውን፣ ጋይዱንና ጠረጴዛውን ማየት ነው። ጥርሱ በሁለቱም ወገን ስለታም የሆነ፣ በሁለት የተስተካከሉ ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ማዕዘን የሚይዝ አዲስ ምላጭ የሚያሳየኝ ካለ፣ ከላይ የጻፍኩትን አነሳለሁ።