የጡት ካንሰር ሕክምና ምርጫ፦ ከቆቦ እስከ ጥቁር አንበሳ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና የምትገኝ የሰሜን ወሎ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተንጣለለው የራያ ቆላ ሜዳ በማሽላና በጤፍ አዝመራው፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ደግሞ በከርሰ ምድር ውኃ በሚለማው ሽንኩርትና አትክልት ይታወቃል። በዚህ ሜዳ ሴቷ ከአረም እስከ አጨዳ፣ ከውኃ መቅዳት እስከ ገበያ የማትሰማራበት የሥራ መስክ የለም። እንዲህ ባለች እናት ጡት ላይ እብጠት ተገኝቶ የምርመራው ውጤት ካንሰር ነው ሲባል፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በየትኛው ሕክምና ልዳን? የትኛውን ጉዳትስ ልቀበል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በስፋት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በአገሪቱ በዓመት ከ16 ሺህ የማያንሱ ሴቶች በበሽታው እንደሚያዙ ያመለክታል። በዓለም ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች በጡት ካንሰር መያዛቸው ሲረጋገጥ፣ 670 ሺህ ያህሉ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

በኢትዮጵያ ያለውን ሁኔታ ለየት የሚያደርገው የታማሚዎቹ ዕድሜና ወደ ሕክምና የሚመጡበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በታከሙ 1 ሺህ 70 ሴቶች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ጥናት እንዳመለከተው፣ የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 43 ዓመት ነበር። አብዛኞቹም ወደ ሆስፒታሉ የደረሱት በሽታው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህም ማለት ሕመሙ የሚያገኛት ልጆቿን ገና ያላሳደገችውን፣ የወር አበባዋ ያልተቋረጠውንና የቤተሰቡ ሥራ በትከሻዋ ላይ ያለውን ሴት ነው ማለት ነው። የሕክምና ምርጫውም ሆነ የጎንዮሽ ጉዳቱ መመዘን ያለበት ከዚህ አንጻር ነው።

በቅድሚያ የሚነሳው የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው። ጡትን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ወይስ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ጡቱን ማትረፍ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችን አከራክሯል። በአሜሪካ 1 ሺህ 851 ሴቶችን ለ20 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን ያሳወቀው ጥናት በሁለቱ መንገዶች የታከሙት ሴቶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጧል። ሆኖም ጥናቱ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያም ይዟል። ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው የጨረር ሕክምና ካገኙት መካከል በሽታው በዚያው ጡት ላይ ያገረሸባቸው 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ጨረር ባላገኙት ላይ ግን ይህ አኃዝ ወደ 39 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለሆነም ጡትን ማትረፍ የሚመረጠው ጨረሩ በወቅቱ እንደሚገኝ ሲረጋገጥ ነው።

ለቆቦዋ እናት ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ይሰጥ የነበረው በአንድ ተቋም፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ተራ ለመጠበቅም ወራት ይወስድ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አገልግሎቱ በዘመናዊ መሣሪያ ታግዞ ወደ ጅማ እና ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች መስፋፋቱ ትልቅ እመርታ ነው። ይሁንና ከራያ ለምትነሳ ታማሚ ጅማም ሆነ ሐረር ከአዲስ አበባም አልፎ የሚሄድ መንገድ ነው። በዚህ የተነሳ በሌላ አገር ጡቷን ማትረፍ ትችል የነበረች ሴት ጡቷን ሙሉ በሙሉ ለማስወጣት ብትወስን፣ ውሳኔዋ ካለማወቅ የመነጨ ሳይሆን ያለውን አገልግሎት ያመዛዘነ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል ግን ጡት መውጣቱ የጨረርን አስፈላጊነት ሁልጊዜ ያስቀራል ማለት አይደለም። ዕጢው ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ወይም በሽታው በብብት ሥር ወዳሉ በርካታ ንፍፊቶች ተሰራጭቶ ከተገኘ፣ ጡቱ ከወጣም በኋላ ጨረር ይታዘዛል። በመሆኑም ታማሚዋ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ከዚህ በኋላ ጨረር ያስፈልገኛል ወይ?» ብላ መጠየቋ ጉዞዋንና ወጪዋን አስቀድማ እንድታቅድ ይረዳታል። የሕክምናው ቆይታ ማጠሩም ሸክሙን ያቃልላል። ቀደም ሲል 25 ጊዜ በአምስት ሳምንታት ይሰጥ የነበረው ጨረር በ15 ጊዜ፣ በሦስት ሳምንታት ቢጠናቀቅ ውጤቱ እንደማያንስ በእንግሊዝ የተካሄዱና የአሥር ዓመት ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በአዲስ አበባ ማረፊያ ለሌላት ታማሚ የሁለት ሳምንት ልዩነት ሕክምናውን ከመጨረስና አቋርጦ ከመመለስ ጋር የተያያዘ ነው።

የብብት ንፍፊቶች መውጣታቸው የሚያስከትለው የክንድ እብጠት ሌላው ሊጤን የሚገባው ጉዳት ነው። እብጠቱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊከሰት ስለሚችል፣ ማሽላ ለምታጭድና ውኃ ለምትቀዳ ሴት የኑሮ ጉዳይ ነው። እጅን ከቁስልና ከቃጠሎ መጠበቅ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን የክንድ እንቅስቃሴ ሳያቋርጡ መሥራት፣ ከባድ ሥራን ቀስ በቀስ መጀመርና ክንዱ ሲቀላና ሲያተኩስ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ብዙዎች የሚፈሩት ኬሞቴራፒን ነው። በስፋት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ዶክሶሩቢሲን እና ሳይክሎፎስፋማይድ በየሦስት ሳምንቱ ለአራት ዙር፣ ቀጥሎም ፓክሊታክሰል ለሌላ አራት ዙር የሚሰጡበት አሠራር አንዱ ነው። ሕክምናው በጠቅላላው ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። የፀጉር መርገፍ፣ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ መቁሰልና ድካም በዚህ ወቅት የሚታዩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ሕክምናው ሲያበቃ ይጠፋሉ። ፀጉርም ተመልሶ ይበቅላል። በአንጻሩ ዶክሶሩቢሲን መጠኑ ሲጠራቀም ልብን ሊጎዳ፣ ፓክሊታክሰል የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊያስከትል፣ ሕክምናው በጠቅላላ ደግሞ የወር አበባን ሊያቋርጥና ልጅ የመውለድ ተስፋን ሊያጨልም ይችላል። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ጉዳዩን ማንሳት ያለባት የመጀመሪያው ዙር ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ከሁሉም በላይ ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጠው የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ማሽቆልቆል ነው። ይህ በአብዛኛው የሚከሰተው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ባሉት ቀናት ውስጥ፣ ታማሚዋ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። በእነዚህ ቀናት የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ሕመም ተደርጎ መወሰድ አለበት። በቆላማው ራያ ትኩሳት ሲመጣ ወባ ነው ብሎ በቤት መቆየት የተለመደ ነገር ሊሆን ይችላል። ኬሞቴራፒ ላይ ላለች ሴት ግን ያ መዘግየት ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል፣ በአቅራቢያዋ ያለው ሆስፒታል የሕክምና ወረቀቷን አይቶ የደም ምርመራና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በአፋጣኝ ሊሰጣት ይገባል።

አገልግሎቱ ወደ ታማሚዋ መቅረቡ የሚያመጣውን ለውጥ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ስምንቱን ዙር በአዲስ አበባ የምትከታተል የቆቦ ነዋሪ በደርሶ መልስ ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ይኸው ሕክምና ከቆቦ 170 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደሴ ቢሰጣት ጉዞው ከ2 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና መስጠቱ ለወሎ ሕዝብ ትርጉሙ ከፍ ያለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት የአካባቢው ሆስፒታሎች መዘረፋቸውና መውደማቸው፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ የሚቋረጥበት ጊዜ መኖሩ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። የኬሞቴራፒ ቀጠሮ መንገድ እስኪከፈት ድረስ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው አማራጭ የሆርሞን ሕክምና ነው። በኢትዮጵያ በ352 ዕጢዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከዕጢዎቹ 65 በመቶ ያህሉ ለኢስትሮጅን ሆርሞን ምላሽ የሚሰጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ለእንዲህ ዓይነቱ ካንሰር የሚታዘዘው ታሞክሲፈን በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም በአፍ የሚወሰድ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ አንጻር ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒት ነው። የሃያ ጥናቶችን ውጤት አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው ትንተና መድኃኒቱን ለአምስት ዓመታት መውሰድ በበሽታው ሳቢያ የሚደርሰውን ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ታሞክሲፈንም ቢሆን ያለ ጉዳት አይገኝም። የሙቀት ስሜትና ላብ፣ የወር አበባ መዛባትና የማኅፀን ፈሳሽ የተለመዱ ናቸው። አልፎ አልፎ ደግሞ በእግር ወይም በሳንባ የደም መርጋት፣ በተለይም የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ የማኅፀን ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በእርግዝና ወቅትም አይወሰድም። ዋነኛው ፈተና ግን ሕመም የማይሰማት ሴት «ድኛለሁ» ብላ ክኒኑን ማቋረጧ ነው። መድኃኒቱ የሚዋጠው ለዛሬው ሕመም ሳይሆን ነገ እንዳያገረሽ መሆኑ ካልተብራራላት፣ አምስት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። አናስትሮዞልን የመሳሰሉት ሌሎች የሆርሞን መድኃኒቶች የወር አበባቸው ላልቆመ ሴቶች ብቻቸውን ስለማይሠሩ፣ ከታማሚዎቹ ዕድሜ አንጻር ታሞክሲፈን በአገራችን ያለው ቦታ የላቀ ነው።

እዚህ ላይ የዕጢው ዓይነት ምርመራ ወሳኝ ይሆናል። የኢስትሮጅን ተቀባይ ምርመራ ያልተደረገላት ሴት የማይጠቅማትን ክኒን ለዓመታት ልትውጥ፣ ወይም የሚጠቅማትን ልታጣ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያካተተው ትራስቱዙማብም ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዝቶ ለተገኘባቸው ብቻ የሚታዘዝ ነው። ናሙና ከወረዳ እስከ አዲስ አበባ ተጉዞ ውጤቱ በወቅቱ የሚመለስበት አሠራር ከሌለ፣ ምርጫ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ይቀራል።

የወጪው ጉዳይም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአማራ ክልል ተሁለደሬን በመሳሰሉ ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ለብዙ አርሶ አደር ቤተሰቦች መከታ ሆኗል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በመንግሥት ሆስፒታል ሲጠፋና ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዛ፣ እንዲሁም ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለአስታማሚ የሚወጣው ገንዘብ የቤተሰቡን በሬና እህል ያሸጣል። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ በጎ አድራጊ ማኅበራት ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች በአዲስ አበባ የሚሰጡት ማረፊያ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል፤ ፍላጎቱ ግን ከአቅማቸው በላይ ነው።

ፀበልም ሆነ ዱዓ ለታመመ ሰው መጽናኛና ብርታት ነው፤ ከሕክምናም አያጣላም። የሚጎዳው ቀጠሮን ማሳለፍ ነው። ጾም ላይ ያለች ታማሚም በኬሞቴራፒው ወቅት ምን ማድረግ እንዳለባት ከሐኪሟና ከሃይማኖት አባቷ ጋር ብትመክር፣ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ አትገደድም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስጀመረው የጡት ካንሰር ተነሳሽነት ሦስት ግቦችን ይዟል። እነዚህም ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 በመቶው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደረጃ ላይ እንዲገኙ፣ ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅና 80 በመቶዎቹ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ማድረግ ናቸው። በራያ ሜዳ ሲመዘን ሦስተኛው ግብ የሁለቱ ማሰሪያ ነው። የተሻለ የሚባለው ሕክምና ከተቋረጠ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ጥቅም ብቻ ነግሮ ጉዳቱን ቢሸሽግ ታማሚዋ በመጀመሪያው ማቅለሽለሽ ተስፋ ቆርጣ ልትቀር እንደምትችል ነው። የትኛው ጉዳት እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚቆይና የትኛው ወደ ሆስፒታል እንደሚያስሮጥ በሚገባት ቋንቋ የተነገራት ሴት ግን ለመጽናት ትዘጋጃለች። ይህ ገለጻ መሣሪያም ሆነ ልዩ በጀት የማይጠይቅ በመሆኑ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። የናሙና ምርመራን፣ የመድኃኒት አቅርቦትንና የጨረር አገልግሎትን ለሰሜኑ ክፍል ማቅረብ ደግሞ ጊዜና ሀብት የሚጠይቅ የመንግሥትና የባለድርሻ አካላት የቤት ሥራ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ የቆቦዋ እናት ከሐኪሟ ጋር መክራ የምትወስነው ውሳኔ በርቀትና በገንዘብ የተገደደችበት ሳይሆን፣ በእርግጥም የራሷ ምርጫ ይሆናል።