ለከሚሴ ልጅ ሰማዩ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከሚሴ ወይም ሰንበቴ ውስጥ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አቁማችሁ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» በሉት። ወይ «ዶክተር» ይላችኋል፣ ወይ «ፓይለት»። ያንኑ ልጅ አስረኛ ክፍል ሲደርስ ድጋሚ ጠይቁት። ዶክተሩ ምናልባት እዚያው ይኖራል። ፓይለቱ ግን የለም። ተፈትኖ ወድቆ አይደለም፤ ሳይመዘገብ ነው የቀረው።

ለምን ቀረ ብትሉ ሁለት መልስ አይጠፋም። አንደኛው «ሰው ከሌለህ አትገባም» የሚል ነው። ሁለተኛው «እሱ የአዲስ አበባ ልጆች ሥራ ነው» ይላል። ዛሬ ጠቤ ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ነው።

በመጀመሪያው ልጀምር። በዚህች አገር ዝምድና የለም ብዬ ልከራከራችሁ አልመጣሁም፤ ብል ራሳችሁም ትስቁብኛላችሁ። ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ያላመለከተን ሰው ማንም በዝምድና ሊጥለው አይችልም። እሱ ራሱን ጥሏል። አየር መንገዱ አድልቶ ከሆነም የሚታወቀው አመልካች ሲኖር ነው። አምስት መቶ ልጅ ከዞናችን አመልክቶ አንድም ካልገባ ጥያቄ አለን። ማንም ካላመለከተ ግን ያለን ወሬ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ ታሪኩን ማየት ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲሆን፣ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ያኔ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በነበረው ውል መሠረት አውሮፕላኑን የሚያበሩትም፣ የሚጠግኑትም፣ ቢሮውን የሚመሩትም በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው» ያለ ሰው ዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው። ታዲያ ምን ሆነ? ኢትዮጵያውያን ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛው እዚሁ አገር ቤት ተከፈተ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ።

ኢትዮጵያዊው በእነዚያ ዓመታት ድንገት ጎበዝ አልሆነም። ጎበዝ ድሮም ነበር፤ የተለወጠው «እናሠልጥነው» መባሉ ነው። ሴቶችም ቢሆኑ እንደዚያው ነው። ባሕር ዳር ያደገችው አምሳለ ጓሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተምራ ወደ አቪዬሽኑ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች፤ በኅዳር 2015 ደግሞ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የነበሩበትን የባንኮክ በረራ መራች። ከዚያ በፊት «የወንድ ሥራ ነው» ይባል ነበር። አሁን «የአዲስ አበባ ልጅ ሥራ ነው» የምንለው ያንኑ አሮጌ አባባል ልብስ ቀይረን ነው።

እሺ፣ ሁለቱም ሰበብ ፈረሰ እንበል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል ማለት ነው? አይደለም። ችግሩ እኛ የምናወራበት ቦታ ላይ አይደለም እንጂ አለ።

መጀመሪያ ግን ሰዎችን በከንቱ የሚያስቀር ወሬ ላጥራ። «መነጽር ካደረግክ አለቀልህ» ይባላል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ለንግድ አብራሪ ያወጣው የሕክምና መስፈርት ግን በእያንዳንዱ ዓይን 6/9 ማየት ነው፤ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር። ቀለም የመለየት ችግር ግን ከባድ ነውና ቀድሞ መመርመር ብልህነት ነው። ዕድሜ፣ ቁመትና የትምህርት ውጤት ደግሞ ከማስታወቂያ ማስታወቂያ ሊለያይ ስለሚችል «እገሌ እንዲህ አለኝ» ብሎ ከመቅረት የወጣውን ማስታወቂያ ራሱን ማንበብ ይሻላል። በቴሌግራም «ፎርም እናስሞላለን፣ ይህን ያህል ብር ላክ» የሚሏችሁን ደግሞ ተዋቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ወንፊት። የአብራሪ ትምህርት ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ነው። የአየር ግፊት፣ ክብደትና ሚዛን፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ የነዳጅ ስሌት፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚደረገው ንግግርም እንደዚያው። ኢካኦ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪ ቢያንስ ደረጃ 4 እንግሊዝኛ እንዲኖረው ያዛል። የእኛ ዞን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መልካም ነገር ነው፣ ሕፃን በእናቱ ቋንቋ ሲማር ይገባዋል። አማርኛውን ከገበያና ከጎረቤት ይለቅማል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን ፊዚክሱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ቤተ ሙከራ ከሌለ፣ የእንግሊዝኛው መምህርም ራሱ በሚደናገርበት ቋንቋ የሚያስተምር ከሆነ፣ ልጁ የአብራሪነት ፈተናውን የወደቀው ያኔ ነው። ውጤቱ የሚነገረው ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ይህ የከሚሴ ብቻ ችግር አይደለም። በ2015 ዓ.ም በአገር አቀፉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እዚህ ላይ የእኛን ጨምሩበት፤ በ2013 ዓ.ም የነበረውን ግጭት፣ በ2014 መጀመሪያ ከሚሴ ድረስ የዘለቀውን ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን የዘጋውን ግጭት። ማመልከቻው በኢንተርኔት በሚሞላበት ዘመን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጁ ለፈተና ቢጠራ እንኳ መንገዱ በዚያን ቀን ክፍት መሆኑን ማን ያውቃል?

አልፎ ገባ እንበል። ሥልጠናው ውድ ነው፤ ውል አለው፣ የአገልግሎት ግዴታ አለው። በአገራችን ደግሞ ውል ሲባል ዋስ ይከተላል። ደሞዝተኛ ዘመድ ያለው ልጅ ዋሱን በአንድ ስልክ ያገኛል። አባቱ ጨፋ ላይ ከብት የሚያረባ ልጅ ግን የማንን ደመወዝ ያስይዝ? አባትዬው ሃያ ከብት ሊኖራቸው ይችላል፤ ከብት ግን የደመወዝ ማስረጃ አይጻፍለትም።

«ታዲያ ለእናንተ ሲባል ደረጃው ይውረድ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በፍጹም! እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 በበረራ ቁጥር 302 ላይ 157 ሰዎች አልቀዋል። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8,000 በላይ የበረራ ሰዓት ነበረው። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር፤ 361 ሰዓት ነበረው። ውጭ አገር አንዳንዶች ጣታቸውን ወዲያው ወደ ልጆቹ ሥልጠና ቀሰሩ። ምርመራው ግን ከተሳሳተ ጠቋሚ መረጃ ተነስቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት የደፋውን የአውሮፕላኑን ሥርዓት አጋለጠ። ዓለም የእኛን አብራሪ በምን ዓይን እንደሚያይ ያኔ አይተናል። ስለዚህ ፈተናው ይክበድ። የምለው ሌላ ነው፤ ፈተናው ለሁሉም እኩል ከከበደ፣ ዝግጅቱም ለሁሉም እኩል ቅርብ ይሁን።

ይህ ደግሞ የሚቻል ነው። ከ140 በላይ አውሮፕላን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2035 ከ270 በላይ አደርሳለሁ ብሎ ያቀደ ድርጅት ሰው ይፈልጋል። በዓመት አንድ ጊዜ አንድ አብራሪና አንድ የማሠልጠኛ መምህር ከሚሴና ባቲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢመጡ፣ መስፈርቱን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢያስረዱ፣ የፈተናውን ዓይነት ቢያሳዩ ስንት ያወጣል? ለአንድ በረራ ከሚቀዳው ነዳጅ አይበልጥም። ዞኑም የእንግሊዝኛና የፊዚክስ መምህራንን ጉዳይ ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ አውጥቶ ክፍል ውስጥ ያስገባው። ዋስ ለማያገኝ ጎበዝ ልጅ ዋስ የሚሆን አሠራር መፍጠርም ከዞንና ከክልል አቅም በላይ አይመስለኝም።

አንተ ግን፣ አንቺም፣ ይህ ሁሉ እስኪሆን አትጠብቁ። ዘጠነኛ ክፍል ያላችሁ እንግሊዝኛውን ዛሬ ያዙ። የጨረሳችሁ ቀጣዩን ማስታወቂያ አንብቡና ሙሉ። ብትወድቁ የወደቃችሁበትን ታውቃላችሁ፤ ለሚቀጥለው ልጅ የምትነግሩት ይኖራችኋል። ከተማችን እስካሁን የጎደላትም ይኸው ነው፤ ሞክሮ የሚነግራት ሰው።