ነጥብ ብቻውን ሐኪም አይመርጥም

ሕክምና የሚመኝ የፍሬሽማን ተማሪ ዝግጅት ምን ይመስላል? ላይብረሪ ማምሸት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከቴሌግራም ማውረድ፣ ሎጂክና ጂኦግራፊ ሳይቀር መቸከል፣ ጂፒኤ ዝቅ እንዳይል መሳቀቅ። በዚህ ሁሉ ዝግጅት ውስጥ ግን አንድም የታመመ ሰው የለም።

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ጥሩ ዕድል ይዞ ነበር። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ሕክምና ይገባ የነበረው ተማሪ ቆም ብሎ የሚያስብበት ዓመት አገኘ። ያ ዓመት ግን የማሰቢያ ሳይሆን የነጥብ ሽሚያ ሆነ። አሠራሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም በምደባው ላይ ዋናው ዳኛ ቁጥር ነው።

ቁጥር ደግሞ ይገፋል። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ሒሳብ ወይም ግብርና ልማር ቢል ቤተሰቡ «ይህን ነጥብ ይዘህ?» ይለዋል። ነጥቡ እንዳይባክን ብሎ ይገባል። ብዙዎቹ ዋርድ የሚደርሱት በክፍልና በላብራቶሪ ሁለት ዓመት ያህል ካሳለፉ በኋላ ነው። አዳር ተረኝነትን፣ መርዶ ነጋሪነትን፣ መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ የተባለ አስታማሚን ያኔ ያዩታል። መመለስ ግን ከባድ ነው፤ ሰፈሩ ገና ድሮ «ዶክተር» ብሎታል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። የምርጫ ቅጽ ለሚሞላው ተማሪ ይህን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው ማን ነው?

«ውጤት ቢያንስ ዘመድ አያውቅም፤ ቃለ መጠይቅ ቢጨመር የባለሥልጣን ልጅ ይገባል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሌላ ዳኛ መጨመር አይደለም። ሕክምና የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሁለት ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዋል። በሽተኛ አይነካም፣ የማንንም ምስጢር አያይም። ካርድ ክፍል ወረፋ ያስይዝ፣ አቅመ ደካማ ይደግፍ፣ ባለሙያዎቹ እንዴት እንደሚውሉ ይመልከት። ማርክ የሚሰጠው የለም፤ ስለዚህ ዘመድም አይጠቅመውም። ልቀጥል ወይስ ልተው ብሎ የሚወስነው ራሱ ነው።

ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ጅማ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር ስም ያተረፈ ተቋም ነው። ጎንደርም የጤና ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች በመላክ ይታወቃል። ልዩነቱ እነዚህ ልጆች የሚላኩት ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው። ከመግባታቸው በፊት ቢሆን ምን ይከለክላል?

ወጪው የትራንስፖርትና የአንድ አስተባባሪ ጉዳይ ነው። ያለ ፍላጎቱ የገባ ሐኪም የሚያስከፍለው ግን ይበልጣል፤ ከፋዩም ተማሪው ብቻ አይደለም። አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛም አብሮ ይከፍላል፤ እሱን ደግሞ ምርጫህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው የለም።